አምስተኛው ዙርና የመጨረሻው ባቡር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደ ፈረንሳይ ለትምህርት ስመጣ «ስለዚያ ሀገር ጻፍልን» ብላችሁኝ ነበር። ስለ ሕንፃውና ስለ ወንዙ የሚነግራችሁ አይጠፋም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የመረብ ኳስ ጨዋታ ነው። ዲያቆንን ከመረብ ኳስ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ወደ አዳራሹ የገባሁት።

ሞላሌ ያደጋችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም። በልጅነታችን የምንጫወትበት ሜዳ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ቆመው ነበር። መረቡ በአንድ ክረምት በስብሶ ስላለቀ ከጓሳ ሣር የተገመደ ገመድ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ወጥረን እንጫወት ነበር። ገመድ ግን መረብ አይደለም። ኳሱ በላዩ ይለፍ በሥሩ ይሹለክ የሚመሰክር ስለሌለ ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ ክርክር ይነሣል። የመንዝን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ኳሱን የሚመታው ሰው ቢሆንም ወዴት እንደሚወድቅ የሚወስነው ነፋሱ ነው። እኔ በቁመቴ አጭር ስለ ነበርሁ ከኋላ ቆሜ የወደቀውን ከማንሣት በቀር ሌላ ሥራ አይሰጠኝም ነበር። በ12 ዓመቴ ደብረ ብርሃን ሄጄ ድቁና ተቀብዬ ስመለስ ግን ሹመት አገኘሁ፤ «ዲያቆን አይዋሽም» ተብዬ ዳኛ ተደረግሁ። በዳኝነቴ ብዙ አልቆየሁም። አንድ ቀን የታላቅ ወንድሜ ቡድን ሊሸነፍ ሲል ከገመዱ ሥር ያለፈችውን ኳስ «በላይ ናት» ብዬ ፈረድሁ። ማንም አልተጠራጠረኝም። ያ አለመጠርጠራቸው ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

በእኛ ሀገር የጨዋታ ሁሉ አውራ ገና ነው። ገና ዱላ ይመዘዝበታል፤ ሩሯ ስትበር ቅልጥም ይመታል፣ ጥርስ ይረግፋል፤ በዚያ ቀን ጌታ ሎሌው ቢመታውም እንደማይቆጣ አባቶቻችን በጨዋታው ደንግገዋል። መረብ ኳስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ይቆማሉ እንጂ አይነካኩም፤ መካከላቸው መረብ አለ። የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895፣ ማለት ዐድዋ ከመሆኑ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ዊሊያም ሞርጋን የሚባል አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ግዛት ሆልዮክ በምትባል ከተማ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ የስፖርት ኃላፊ ነበር። ይህ ማኅበር በእኛም ሀገር «ወወክማ» ተብሎ የሚታወቀው ነው። ቅርጫት ኳስ ከእርሱ አራት ዓመት አስቀድሞ በዚያው ማኅበር ትምህርት ቤት ተፈጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፋ ላሉት ሰዎች ግፊያው ከበደባቸው። ሞርጋንም የሜዳ ቴኒስን መረብ ከሰው ራስ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሰቀለና የማይጋፉበትን ጨዋታ አወጣላቸው። መጀመሪያ ያወጣለት ስም «ሚንቶኔት» ነበር፤ ስሙ አልበረከተም። እንግዲህ መረብ ኳስ ከክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ቤት የወጣ ነው ብዬ ራሴን ያጽናናሁበት ጊዜ አለ፤ ለምን ማጽናናት እንዳስፈለገኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታ ነበር። ቅዳሜ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ሕዝብ ተሰብስቦ ስላየን ቆምን። በፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን ይሮጥ ነበር። መጀመሪያ ተጠባባቂ የነበረው፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ የተተካው ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ሲገባ የሻይ ቤቱ ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ ከሰዓታት በኋላ የፈረንሳይ ወንዶች መረብ ኳስ ቡድን ፖላንድን 3 ለ 0 አሸንፎ ወርቅ ማግኘቱን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ፈረንሳዮች ከዚያ በፊት በቶኪዮ ኦሎምፒክም ወርቁን ወስደው ነበርና ሁለተኛቸው መሆኑ ነው። መስከረም ላይ እዚህ ከደረስሁ በኋላ ከየት እንደመጣሁ ለሚጠይቁኝ «ኢትዮጵያ» ስላቸው «አ፣ ማራቶን!» ይሉኛል፤ እኔም ምላሽ እንዳያጥረኝ ስለ መረብ ኳሳቸው መጠየቅ ለመድሁ።

የምማርባት ከተማ ቱር ትባላለች፤ ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሎዋር በሚባል ወንዝ ዳር ያለች ናት። እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የለችም። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በባቡር ወደ ፓሪስ እሄዳለሁ፣ ከአንድ ወንድም ቤት አድራለሁ፣ እሑድ ሌሊት በውሰት ባገኘነው ሕንፃ ኪዳን አድርሰን እንቀድሳለን፣ ማታ እመለሳለሁ። በአጥቢያችን ካህናቱ ሁለት ሦስት፣ ዲያቆናቱም እንደዚያው ናቸው፤ ሥርዓተ ቅዳሴያችን አምስት ልዑካን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። አምስተኛው እኔ ነበርሁ። መብራት እይዛለሁ።

እውነቱን ልናገር። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ሳለሁ ድምፅ ማጉያ ይዤ አስተምር ነበር፤ እናንተም «መምህር» ትሉኝ ነበር። እዚህ ግን የግእዙ ዜማ ከእኔ የተሻሉ ታላላቅ ዲያቆናት ስላሉ ለእኔ የደረሰኝ ጧፍ ይዞ ሦስት ሰዓት መቆም ነው። በሀገራችን ይህን የሚያደርጉት የዐሥር ዓመት ልጆች ናቸው። አላጉረመረምሁም፤ ውስጤ ግን «እኔ ባልኖር ምን ይጎድላል?» የሚል ነገር ከጥቅምት ጀምሮ ይመላለስ ነበር። ያ ሐሳብ ነው በኋላ ጉድ ያደረገኝ።

የክፍል ጓደኛዬ ከካሜሩን የመጣ ወጣት ነው። የቱር መረብ ኳስ ክለብን እንደ ወንድሙ ይወድዳል። ምክንያቱን ጠየቅሁት፦ የሁለቱም የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነው ኤርቪን ንጋፔት በወጣትነቱ የተጫወተው እዚሁ ቱር ነው፤ አባቱም የካሜሩን ተወላጅ የመረብ ኳስ ሰው ነው። ክለቡም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ ወስዷል። በሀገራችን የመረብ ኳስ ነገር ሲነሣ የሙገር ሲሚንቶ ስም እንደሚጠራው፣ በፈረንሳይም ቱር ይጠራል። ከዕለታት በአንዱ፣ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ፣ ለቅዳሜ ማታ ሁለት የተማሪ ትኬት ይዞ መጣ።

«ቅዳሜ ማታ ባቡር አለብኝ» አልሁት።

«ጨዋታው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይጀምራል። አይተህ ትደርሳለህ» አለኝ።

ባቡሩ የዕለቱ የመጨረሻ ነበር። ቆጠርሁና እውነትም የምደርስ መሰለኝ። የረሳሁት ነገር ግን፣ የሞላሌ ዳኛ የነበርሁት እኔ ልረሳው የማይገባኝ ነገር፣ መረብ ኳስ ሰዓት የሌለው መሆኑን ነው። እግር ኳስ በ90 ደቂቃ ይፈጸማል። መረብ ኳስ የሚፈጸመው ከሁለቱ አንዱ ሦስት ዙር ሲያሸንፍ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር እስከ 25 ነጥብ ነው፣ ከዚያም በሁለት ነጥብ መብለጥ አለ፤ ሁለት ለሁለት ከሆኑ እስከ 15 የሚደርስ አምስተኛ ዙር ይጨመራል። በአንድ ሰዓት ተኩል ሊያልቅም ይችላል፣ ሌሊቱን ሊያዋስድም።

ከባቡሩ ሌላ ያሳሰበኝ ነበር። ዲያቆን ወደ ጨዋታ ቦታ ይሄዳልን? የቁስጥንጥንያ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያንን እየተወ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በመሮጡ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እንዴት እንደ ገሠጸ ባለፈው ዓመት ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ። በሌላ በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሯጩንና ታጋዩን ለመንፈሳዊ ተጋድሎ ምሳሌ ያደረገው የሩጫውን ሜዳ ሳያውቅ አይመስለኝም። ለነፍስ አባቴ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልደወልሁም። የማይጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ስለሚያውቅ ነው፤ እኔ ግን መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን ነበር የፈራሁት። የወወክማን ታሪክ አንብቤ የተጽናናሁት ያን ጊዜ ነው።

የጨዋታው ቤት ሮቤር ግረኖን አዳራሽ ይባላል። በበሩ ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ከፈተው። ከላይ ያገኘው ነጠላዬን ነው። አውጥቶ ዘረጋውና የየትኛው ቡድን ደጋፊ መለያ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «ለጸሎት ነው» አልሁት። አጣጥፎ መለሰልኝና «ዛሬ ሳያስፈልገን አይቀርም» አለ። ከቀትር ጀምሮ ለማግሥቱ ቅዳሴ እህል ውኃ አልቀመስሁም ነበር፤ ውስጥ ስገባ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ ተቀበለኝ፣ ከበሮም ይመታል። ሕዝቡ ከሁለት ሺህ የሚያንስ አልመሰለኝም።

አዳራሹ ውስጥ ነፋስ የለም። መጀመሪያ ያስደነቀኝ ይኸው ነው። ኳሱ በተመታበት መንገድ ብቻ ይሄዳል። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ኳስ አስጀማሪው ከመስመሩ ኋላ ሮጦ፣ ዘልሎ ሲመታት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች፤ በዓይን ከመከተል ይልቅ በድምፅዋ መከተል ይቀላል። መረቡ 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ እነርሱ ግን ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ በላዩ ያሳልፉታል። የዳኛው ነገርም አስቀናኝ፦ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ ሲጠራጠር ምስሉ ተመልሶ ይታያል። ለእኛ ለሞላሌዎች እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረን ኖሮ ወንድሜ ያን ቀን ተሸንፎ፣ እኔም ሳልዋሽ እቀር ነበር።

ሕዝቡ ለእያንዳንዱ ትልቅ ነጥብ ማንም ተነሡ ሳይለው ይነሣል። ይህን ከቅዳሴያችን ጋር አነጻጽሬ ልገሥጻችሁ እንደምችል ታውቃላችሁ፤ ሰባኪ ሁሉ ያደርገዋል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አሁን አላደርገውም። ኳስ የሚያዩ ሰዎች ሦስት ሰዓት ጧፍ ይዘው አይቆሙም፤ ንጽጽሩ ሚዛን የለውም።

ዓይኔ ያረፈው በአንድ ሰው ላይ ነው። ከስድስቱ መካከል የተለየ ቀለም ያለው መለያ የለበሰ፣ ከሁሉም አጭር የሆነ። «ይህ ለምን ተለየ?» ብዬ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። «ሊቤሮ ነው» አለኝ። እኛ በገመድ ስንጫወት ይህን ሕግ አናውቀውም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጨመረ ነው። ሊቤሮ ኳስ አያስጀምርም፤ ከመረቡ አጠገብ ዘልሎ አያግድም፤ ከመረቡ ጫፍ በላይ ያለችን ኳስ ወደ ባላጋራ ሜዳ መምታት አይፈቀድለትም። ከኋላ ይቆማል፤ ተራው ወደ ፊት ሲደርስ ወጥቶ ሌላው ይገባል። ስለዚህ ነጥብ አያስቆጥርም ማለት ይቻላል። ሥራው አንድ ነው፦ ሌሎቹ ያልደረሱባት ኳስ መሬት ከመንካትዋ በፊት ማንሣት። ሌላው እንዲመታት አንሥቶ ይሰጣል፣ ሕዝቡም ለመታው ያጨበጭባል። ቃሉ የጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙ «ነጻ» ማለት ነው ሲለኝ ሣቅሁ። ከሁሉ ይልቅ የተከለከለውን ሰው ነጻ ብለው ሰየሙት! በሁለቱም ኦሎምፒኮች የፈረንሳይ ሊቤሮ የነበረው ዤኒያ ግሬቤኒኮቭ በዓለም ስመ ጥር ነው፤ የስሙ ምክንያት የመታቸው ሳይሆን ያነሣቸው ኳሶች ናቸው።

ዲያቆን አይባርክም፣ አያጠምቅም፣ አይናዝዝም። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ማሰቤን ግን አልነግራችሁም፤ ውሸት ይሆናል። ያሰብሁት «ይህ አጭር ሰው እኔ ነኝ» ብዬ ብቻ ነው፤ ከገመዱ ኋላ የቆምሁት ልጅ ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያውን ዙር እንግዶቹ ወሰዱ። ሁለተኛውን የቱር ልጆች። ሦስተኛውን ደግሞ እንግዶቹ። ባቡሬ ሊነሣ 40 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አራተኛው ዙር እየተጋመሰ ነበር። ከዚያ አዳራሽ እስከ ባቡር ጣቢያ በፈጣን እርምጃ 25 ደቂቃ ይወስዳል። ቦርሳዬን በትከሻዬ አንግቤ ተነሣሁ። ጓደኛዬም «ሂድ፣ ውጤቱን እነግርሃለሁ» አለኝ። ደረጃው ጋ ስደርስ 23 ለ 23 ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የምናዘዘው ነገር ይህ ነውና። ሰዎች «ጨዋታው ወስዶኝ ሰዓቱን ረሳሁት» ይላሉ። እኔ አልረሳሁትም። ሰዓቴን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። 24 ለ 24 ሲሆኑ አየሁት፤ ብሮጥ እንደምደርስ አወቅሁ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። ሊቤሮው በሆዱ ተንሸራትቶ ኳሱን በእጁ ጀርባ ከመሬት ላይ ሲያነሣት፣ ባላጋራም ሲመልሳት፣ እንደገና ሲያነሣት፣ አሮጊቷ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። ያ ነጥብ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቁኝም። እናንተ ስትገናኙ ትከሻ ለትከሻ የምትሳሳሙ፣ የአባቶችን ጉልበት የምትስሙ፣ በጥምቀት ሕዝብ ሲጋፋችሁ የምትውሉ ናችሁና ይህ ምን እንደ ሆነ ላይገባችሁ ይችላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በዚያች ከተማ ስኖር የሰው እጅ ነክቶኝ አያውቅም። «ሜርሲ» ይባላል፣ «ይቅርታ» ይባላል፣ ሰው ሰውን ሳይነካ ያልፋል፤ መካከላችን መረብ ያለ ይመስላል። እኒያ እናት ክንዴን ሲይዙኝ እናቴ ዘንድ የሆንሁ መሰለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሰዓቴን አላየሁም። «አራት ሰዎች አሉ፤ እኔ መብራት ያዥ ነኝ፤ እኔ ባልኖር ምን ይጎድላል?» ያለው ሐሳብም ያን ጊዜ ተናገረ። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርጄ እግሬ ሥር አስቀመጥሁት።

ቱሮች ዙሩን 27 ለ 25 ወሰዱ፤ አምስተኛውንም 15 ለ 12 አሸነፉ። ጮኽሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽሁ።

ለአጥቢያችን አስተዳዳሪ ከአዳራሹ ደጃፍ ደወልሁ። «አባታችን፣ ባቡር አመለጠኝ» አልኋቸው። «አይዞህ ልጄ፤ ብርድ ነውና ቶሎ ግባ። በሰላም ያሳድርህ» አሉኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ከገመዱ ሥር ያለፈችውን ኳስ ለሁለተኛ ጊዜ «በላይ ናት» አልሁ፤ አሁንም የተጠራጠረኝ የለም።

ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያልፋል። ቅዱስ ማርቲን ከጉባኤ ኬልቄዶን በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ371 ጀምሮ የዚህች ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በ397 ያረፈ አባት ነው፤ መቃብሩም በዚያ ከምድር በታች ባለው ክፍል ነው። ወታደር ሳለ በአሚያን ከተማ በር በብርድ የሚንቀጠቀጥ ነዳይ አግኝቶ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን እንደሰጠው ይነገራል። በዚህ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር የመንዝ በርኖስ ትዝ ይለኛል፤ ያን ሌሊት ግን ስለ በርኖስ አላሰብሁም። በሩ ተዘግቷል፣ ጎዳናው ባዶ ነው። ሞቅታዬ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለቀቀኝ። የጮኸው ሕዝብ ወደየቤቱ ገብቷል፤ የአሮጊቷን ስም እንኳ አላውቅም።

እሑድ በመጀመሪያው ባቡር ሄድሁ። ስደርስ ቅዳሴው ወደ ፍጻሜው ተቃርቦ ነበርና ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሼ ከኋላ ቆምሁ። መጋረጃው ሲከፈት ያየሁትን ልንገራችሁ። በአጥቢያችን በዕድሜ ትልቁ ካህን፣ የነፍስ አባቴ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያን ሳምንት ከመቀደስ ዐርፈው ነበር። ቁጥሩ ስለ ጎደለ በሌሊት ተጠርተው መጥተዋል። ሥጋውን ሌላው ካህን ያቀብላሉ፣ ደሙን ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል ያቀብላል። አባ ግን ከጎን ቆመው በዚያ ሽበታቸው እንደ ሕፃን ዲያቆን ጧፍ ይዘዋል። አንዱን እግራቸውን ያሳርፉና መልሰው ይቀይራሉ። ሰሙ በጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል።

ያን ቀን ሳልሰናበት ወጣሁ።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍሁት አላስረዝመውም። ተከታዩ ቅዳሜ ቀትር ላይ ፓሪስ ገባሁና አባ ቤት ሄድሁ። ግሼ የተወለዱ ናቸው፤ ቤታቸው ስገባ ሁልጊዜ የመንዝ ባና በጉልበታቸው ላይ ተደርቦ አገኛቸዋለሁ። መስቀል ተሳልሜ እንደ ተቀመጥሁ፣ «አባ፣ ባቡሩ አላመለጠኝም፤ ትቼው ነው» አልሁ። ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት፦ ሰዓቴን ሁለት ጊዜ ማየቴን፣ ስለ መብራት ያዥነት ያሰብሁትን፣ አሮጊቷን፣ በስልክ ያልሁትን፣ ሳይጠየቅ የሞላሌውን ገመድ ሳይቀር። ስለ ሊቤሮውም ነገርኋቸው፤ ለምን እንደነገርኋቸው እንጃ።

አባ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ባናውን አስተካከሉ።

«ማን አሸነፈ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እኛ» አልሁ፤ አፌ ቀደመኝ። «ማለቴ… የቱር ልጆች፣ አባ።»

«ያ የማይመታው ልጅ ስንት ኳስ አነሣ?»

«አልቆጠርሁም።»

«ይቆጠር ነበር» አሉ። ከዚያም ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ እርሱ የእኔና የእርሳቸው ነው። ለአስተዳዳሪውም ራሴ ሄጄ እውነቱን እንድነግር አዘዙኝ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀሉን ካሳለሙኝ በኋላ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝና የባናውን ጫፍ ገልጠው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። ከሎሚው በታች አሮጌ ጠባሳ አለ።

«ይህን የመታኝ የገና ዱላ ነው። ዲያቆን ነበርሁ፤ ከየኔታ ጠፍቼ ሄጄ። ለየኔታ ‹ከገደል ወድቄ ነው› አልኋቸው። ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ውኃ አሙቀው እያጠቡ አስታመሙኝ። ብርድ በመጣ ቁጥር ይቀሰቅሰኛል።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ማን አሸነፈ፣ አባ?» አልኋቸው።

ሣቁ። «እኛ» አሉ። «በል አሁን ሂድና ዕረፍ። ነገ መብራቱን የምትይዘው አንተ ነህ።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።